ባል ወይስ ሀገር?

አንዲት ጓደኛዬ ፈረንጅ ልታገባ መሆኑን ለአያቷ ስትነግራቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «እና ኢትዮጵያዊነትሽን ልታስወስጂ ነው?» እኛ ሳቅን። ማታ ቤቴ ገብቼ የድሮውን ሕግ ሳገላብጥ ግን ሳቄ ጠፋ። እማማ የተሳሳቱት ዘመኑን ብቻ ነው!

ነገሩ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ይጀምራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሊጭኑ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ወጣ። አጀማመሩ ደስ ይላል፤ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው የትም ይወለድ የት ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ልብ በሉ፣ እናት ተቆጥራለች። በዚያ ዘመን ብዙ ሀገሮች ዜግነትን የሚያወርሱት በአባት ብቻ ነበር።

ትንሽ ወረድ ስትሉ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። የውጭ ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት፣ ጋብቻው የባሏን ዜግነት የሚሰጣት ከሆነ የራሷን ታጣለች። የውጭ ሴት ያገባ ኢትዮጵያዊስ? እሱ ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ሚስቱ ኢትዮጵያዊት ትሆናለች። ለልጇ የምታወርሰውን ዜግነት ለራሷ ማቆየት አትችልም ማለት ነው።

ይሄ የእኛ ብቻ ጉድ ነው እንዳትሉ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1907 የውጭ ሰው ያገባች ዜጋዋን ዜግነት የሚነጥቅ ሕግ አውጥታ ነበር። ሴቶቿ የመምረጥ መብት ካገኙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1922፣ ሕጉን ማስተካከል ጀመረች። የእኛ የወጣው ከዚያ ስምንት ዓመት ዘግይቶ ነው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ፣ ሄደ። ንጉሡ ወረዱ። ደርግም መጣ፣ ሄደ። ያቺ አንቀጽ ግን ቁጭ ብላለች። ያስነሳት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 33 ወንድም ሆነ ሴት የውጭ ዜጋ በማግባቱ ኢትዮጵያዊነቱን አያጣም አለ። የ1922ቱ ሕግ ራሱ በይፋ የተሻረው በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ነው።

እንግዲህ ጓደኛዬ እፎይ ትበል? ቆይ! አዋጁ በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ሳትጠይቁ በሕግ ኃይል ቢሰጣችሁስ? በአዲሱ ዜግነት መጠቀም ከጀመራችሁ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ «ያኛውን ትቼ ኢትዮጵያዊ እሆናለሁ» ብላችሁ ካላሳወቃችሁ፣ በፈቃዳችሁ እንደተዋችሁት ይወሰዳል። ይሄኛው ለወንድም ለሴትም እኩል ነው።

ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል አድገናል። እዚህ ላይ ግን ዝምታ ሀገር ያስከፍላል። የድሮዋን ሙሽራ ማንም ሳይጠይቃት ሕጉ ወሰነላት፤ የዛሬዋ ትጠየቃለች፣ መጠየቋን ካወቀች። ለጓደኛዬ ከሠርጉ በፊት አዋጁን አንብቢ ብያታለሁ። ለአያቷም አንድ ይቅርታ አለብን።