አንድ ዓይን ያላት ቢምቢ

ጋምቤላ የዘመተ ወታደር ሁለት ጠላት ይገጥመዋል። አንዱ ጠመንጃ ይዞ ይመጣል፤ ሁለተኛዋ ከመሸ በኋላ በጆሮ ሥር እያዜመች። የመጀመሪያውን መመከት ከአሥር አለቃው ይማራል። ሁለተኛዋን ማን ያስተምረዋል?

ጋምቤላ እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመ ውል ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ሆና፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ቡና የሚጫንባት ወደብ ነበረች። በጦርነቱ ጊዜ በጣሊያን እጅ ወደቀች። በመጋቢት 1933 ዓ.ም የቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች ከእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ጋር ሆነው አስለቀቋት። ከዚያም ሽቅብ ወደ ሳዮ፣ ወደ ዛሬው ደምቢ ዶሎ ወጡ። በሰኔ ማብቂያ ጄኔራል ጋዜራ ሠራዊቱን ይዞ እጁን ሰጠ። ድሉ ግን በርካሽ አልተገኘም፤ በዚያ ክረምት የስንቅ እጥረትና በሽታ ሠራዊቱን ክፉኛ ጎድተውት ነበር።

ወረቀት መሣሪያ መሆኑ በዚያ ጦርነት ይታወቅ ነበር። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር እ.ኤ.አ. በ1940 ካርቱም ላይ በአማርኛ ያሳትመው የነበረው «ባንዲራችን» ጋዜጣ ለጣሊያን ያደረውን ወታደር ወደ ወገኑ ይጠራ ነበር። ነገር ግን አንድን ሰው «ና» ብሎ መጥራት ሌላ፣ «አጎበርህን ዘርጋ» ብሎ ማሳመን ሌላ ነው። ለጀግንነት ፉከራ አለ፤ ለአጎበር የሚፎክር ግን የለም።

መላውን ያገኙት አሜሪካኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 በጓዳልካናል ደሴት ወባ የጣለችው ወታደር ጥይት ከጣለው በለጠ። መመሪያው ተጽፎ ነበር፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሥራው ለሁለት የሕፃናት መጽሐፍ ሰዎች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሙንሮ ሊፍ ጽፎ፣ ዶክተር ስዩስ በሚል ስም የምናውቀው ቴዎዶር ጋይዝል ሥዕሉን ሠርቶ፣ የወባ ትንኟን ደም የጠማት ወይዘሪት አድርገው አቀረቧት። በዚያው ዓመት «ስናፉ» የተባለ ደንቆሮ ወታደር በካርቱን ፊልም ብቅ አለ። ስናፉ መድኃኒቱን ይንቃል፣ አጎበሩን ይረሳል፣ ፍዳውን ያያል። ወታደሩ በስናፉ ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃ ራሱን ያያል። የትምህርቱ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ሳይቆጣው በገዛ ስንፍናው ስቆ ይታረማል። እ.ኤ.አ. በ1951፣ የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በደረሰበት ዓመት፣ ሠዓሊው ዊል አይስነር በዚሁ ዘዴ የጦር መሣሪያና የተሽከርካሪ አያያዝ የሚያስተምር ወርሃዊ መጽሔት ለጦሩ ጀመረ።

እኛስ? ፊደል ለማያውቅ በሥዕል ማስተማርን ከማንም አልተማርነውም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ሆነ በዓድዋ ሥዕል ላይ ወዳጅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ጠላት በጎኑ ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይቀረዋል። ያልተማረውም ገበሬ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ባንድ እይታ ይለያል።

ግን እንጠንቀቅ። ሥዕል ያስተምራል፤ ዓይንም ይነሳል። ያው ጋይዝል በየካቲት 1942 (እ.ኤ.አ.) ጃፓናዊ ዘር ያላቸውን የአገሩን ዜጎች ለማፈንዳት የተሰለፉ ከሃዲዎች አድርጎ በጋዜጣ ሣለ። ከስድስት ቀን በኋላ ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ወደ ካምፕ የሚያስገባው ትእዛዝ ተፈረመ። ትእዛዙን ያመጣው ሥዕሉ ነው አይባልም፤ ሳቁ ግን መንገዱን ጠርጓል። ትንኟን የሣለው እጅ ጎረቤትንም ትንኝ አደረገ።

ይህ ለጋምቤላ የሩቅ ወሬ አይደለም። አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ ማጃንጉ፣ ኦፖው፣ ኮሞውና ደገኛው በአንድ ገበያ በሚገናኙባት ከተማ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም የአኙዋክ ደም ፈሷል። በመልክና በጠባሳ የሚቀለድ ቀልድ የት እንደሚያደርስ ለማወቅ የውጭ አገር መጽሐፍ መግለጥ አያሻም።

ወባ ዛሬም በባሮ ዳር አለች። የወታደር ልብስ ትለብስ፣ ሲቪል ትሁን፣ የማንን ደም እንደምትመጥ አትመርጥም። ለሚሠለጥነው ወጣት ሥዕል የሚሥል ሰው ካለ፣ በጎኗ ይሣላት፤ አንድ ዓይን ይተውላት። ሁለቱን ዓይን ለሰዎች ሁሉ ያስቀምጥ።