እርከኑና የጎርፉ ልኬት

ከ1966 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ በአገራችን የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ የተስፋፋው በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር አማካይነት እንደነበር፣ ዕድሜ የጠገቡ አባሎቻችን በሚገባ ያስታውሱታል። ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ ተሰልፎ እርከን ሲሠራ ይውልና ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይሰፈርለት ነበር። የሥራው ሪፖርት ግን የሚቀርበው በኪሎ ሜትርና በችግኝ ቁጥር ነው። አፈሩ ቀረ ወይስ ሄደ ብሎ የሚለካ ብዙም አልነበረም።

ይህን ለመለካት እ.ኤ.አ. በ1981 በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ተጀመረ። ማይባር በወሎ፣ አንዲት ጢድ በሸዋ፣ አንጀኒ በጎጃም፣ ሁንዴ ላፍቶ በሐረርጌ፤ በጠቅላላው ሰባት ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ሥራው ትዕግሥት የሚፈታተን ነው። ዝናቡ ይለካል፤ በወንዙ መውጫ ላይ ጎርፉ በመጣ ቁጥር ውሃው በጠርሙስ ይቀዳል፣ ይጣራል፣ ደለሉ ደርቆ ይመዘናል።

ከእነዚህ ልኬቶች በመነሳት የፕሮጀክቱ መሪ ሐንስ ሁርኒ ከታረሰ መሬት በየዓመቱ በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚታጠብ ገመቱ። በአንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1986 በተፋሰሱ ላይ ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ተሠራ። የሚታጠበው አፈር ቀነሰ። ምርቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልጨመረም፤ እርከኑ ራሱ መሬት ይወስዳል፣ ዝናብ በሚበዛበት ቦታም ውሃ ከጀርባው ተኝቶ ሰብሉን ይጎዳል። ገበሬው ይህን ያለ መሣሪያም ያውቀው ነበር፤ የጠየቀው ግን አልነበረም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በብዙ አካባቢዎች እርከኑ የፈረሰው በሠራው ሰው እጅ ነው። በሪፖርቱ ላይ ግን ኪሎ ሜትሩ እንደተመዘገበ ቀረ።

እርግጥ ነው፣ ለልኬት የሚወጣ ገንዘብ ከእርከኑ ይቀነሳል፤ በረሃብ ዘመን ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። በየተፋሰሱ ጣቢያ ይቋቋም ማለትም ገንዘብ ማባከን ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ ያሳወቁን ሰባት ጣቢያዎች ብቻ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ለቀረው ቦታ ጥቂት ነገር ይበቃል፦ ከእርከኑ ጀርባ ምልክት የተደረገበት ችካል መትከል፣ ሳይሠራበት የቀረ ጎረቤት ማሳ ማነጻጸር፣ የጸደቀውን ችግኝ ከሁለተኛው ክረምት በኋላ መቁጠር። ማኅበራችን እህል ሳይመዝን አይረከብም፤ የአንድ ወር የነጻ ጉልበት ሳይመዘን የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዘመቻ በተካሄደው የተፋሰስ ልማት አርሶ አደሩ በየበጋው ለሳምንታት ያለ ክፍያ ወጥቷል። ሪፖርቱ በአብዛኛው አሁንም በሄክታርና በተሳታፊ ብዛት ነው። አንጀኒ፣ ማይባርና አንዲት ጢድ ደግሞ ወደ አማራ ክልል ግብርና ምርምር ተዛውረው መለካታቸውን ቀጥለዋል።