ከሰጋር በቅሎ እስከ ናፍጣ መኪና፦ የሐይቅና የአምባሰል መንገደኛ ምርጫ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ የሚወርደውን፣ ከዚያም የአምባሰልን ምድር እያቋረጠ በውጫሌ በኩል ወደ መርሳና ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ካህንም ይሁን ነጋዴ፣ «ቁልቁለቱን በደኅና የሚያወርደኝ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ከቤቱ አልወጣም። ስለ አቀበቱ አብልጦ የሚጨነቅ አገሩን ያልለመደ መንገደኛ ነው፤ አቀበት ቢበዛ ያዘገያል፣ ቁልቁለት ግን ይጥላል።

በአባቶቻችን ዘመን ፈረስ ለጦርና ለጉግስ፣ አህያ ለጭነት ስትሆን፣ ለሩቅ ጉዞ የምትመረጠው ሰጋር በቅሎ ነበረች። ሰጋር የተባለችውም አካሄዷ የተቀመጠባትን ሰው የማይንጥ በመሆኑ ነው፤ መኳንንቱና ሊቃነ ካህናቱ በብዙ ዋጋ የሚገዟትና በግላስ የሚያስጌጧት ግን ስለ ምቾቷ ብቻ ሳይሆን፣ በድንጋያማ ቁልቁለት የምትረግጠውን ለይታ ስለምትረግጥ ጭምር ነበር። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ወንበር ዘርግተው ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በደቀ መዝሙርነት የተቀመጡበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አበምኔቱ በዐቃቤ ሰዓትነት መዓርግ ከቤተ መንግሥት ጋር የተሳሰረ ስለ ነበረ፣ በዚህ አገር መንገድ የዓለማውያን ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ሲዋዋሉም፣ ወደዚያ ስፍራ የሚወስደው የእግርና የበቅሎ መንገድ ነበር። መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤን ሊሳለም የሚሄድ ባለ በቅሎም፣ ወደ ቅዱሱ ስፍራ ሲቃረብ መውረድ ሥርዓቱ ነው።

መኪና በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ቢደርስም፣ የወሎን ተራሮች ለመልመድ ብዙ ዘመን ፈጀበት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ ሲያዛውሩ መንገዱ ገና ጥርጊያ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው የጣልያኑ ጦር አዛዥ የባዶሊዮ ሠራዊት፣ ከ1,500 የሚበልጥ ተሽከርካሪ ይዞ ሳለ፣ ጣርማ በር ላይ ጭቃው ቢይዘው ወታደሩ መኪናውን በትከሻው እየገፋ አሳለፈ። ከአስመራ በወልድያ፣ በሐይቅና በደሴ አልፎ አዲስ አበባ የሚገባው አውራ ጎዳና የተሠራው ከዚያ በኋላ በወራሪው ዘመን ነው።

ናፍጣም በጎዳናው ላይ መጣ። ሹፌሮች «ትሬንታ ኳትሮ» ያሉት ፊያት 634 የጭነት መኪና፣ ቤንዚን በካንዴላ ብልጭታ እንደሚያነዱት መኪኖች አልነበረም፤ በሲሊንደሩ ውስጥ አየር ታምቆ እስኪግል ድረስ ይጨመቃል፣ በዚያ ግለት ላይ የተረጨው ናፍጣም ያለ ብልጭታ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሞተሩ በዝግታ ሲዞርም ጉልበት አያንሰውም፤ ወንዝ ሲሻገርም ውሃ የሚያጠፋው ብልጭታ የለውም። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ቢወጣም ቃላቱ እኛው ዘንድ ቀሩ፦ ናፍጣ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ከመነዳሪ። የመካኒኮቻችን ሙያ ከእነዚህ ቃላት ጋር ማደጉን ሳስብ፣ ከዚያ ክፉ ዘመን የተረፈውን ይህን ዕውቀት በእጃቸው ያቆዩልንን ሰዎች አመሰግናለሁ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው አገራችንን ለዓለም ጎብኚ ካስተዋወቁ ወዲህ፣ በዚህ በኩል ወደ ላሊበላ የሚያልፈው እንግዳ ምርጫ እንደ ቀድሞው የበቅሎ ምርጫ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ላንድ ሮቨር ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ወገብ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተከተለው ሬንጅ ሮቨር በአራቱም ጎማ ላይ በባሌስትራ ፈንታ ሞላ ስላለው በእውነት ሰጋር ነበር፤ የናፍጣ ሞተር ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ 4 ሊትር ናፍጣ ሞተር ይዞ በባሌስትራ ላይ ተቀመጠ፤ ሞላ የተተካለትም ከአሥር ዓመት በኋላ በመጣው ባለ 80 ቁጥሩ ነው። በምቾት ቢመዘን የመጀመሪያው ክብር ለሬንጅ ሮቨር በተገባ ነበር፤ እኔ ግን ላንድ ክሩዘርን የመረጡትን ትክክል እላቸዋለሁ፤ በከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ መውረዱ ሁለቱም ያላቸው ሲሆን፣ መንገድ ላይ ቢቆም መለዋወጫውም አስነሺውም በቅርብ የሚገኝለት ላንድ ክሩዘር ነውና። በቅሎ ገዢም ቢሆን ሰኮና የሚያክም ባለሙያ በሌለበት አገር ብዙ ገንዘብ አያወጣም ነበር።

በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ አሮጌዎቹ የናፍጣ መኪኖች ተተኪ እንደሌለው ንብረት እየተጠገኑ ይኖራሉ። ወደፊት ከደሴ ወደ ሐይቅ በኤሌክትሪክ መኪና የሚወርድ መንገደኛ አባቶቹ ያላዩትን ያያል፤ ጎማው ሞተሩን እያዞረ ባትሪውን መልሶ ስለሚሞላ፣ ይፈራ የነበረው ቁልቁለት ስንቅ ይሆንለታል። ሲመለስ ግን ያንኑ ዳገት ይወጣል፤ ለዚያም የሚበቃውን ኃይል ሐይቅ ከተማ ላይ ማግኘት ይኖርበታል።