ቄደር

ንስሐን ሁሉም ያውቃል፤ ቄደር ሲባል ግን ብዙ ምእመን የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለዋል። ቃሉ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ ሃይማኖቱን ክዶ የነበረ ሰው ሲመለስ የሚፈጸምለት ሥርዓት መጠሪያ ነው። ካህኑ መጽሐፈ ቄደርን በውሃ ላይ ይጸልያል፤ ተመላሹም በዚያው ውሃ ይጠመቃል። በዚህ ምክንያት “የቄደር ጥምቀት” ይባላል፤ አጠራሩ ግን ያሳስታል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚቀበሉት ጥምቀት አይደገምም። ቄደር ተመላሹ ከክህደቱ የሚነጻበት እንጂ ልጅነትን እንደ አዲስ የሚያገኝበት አይደለም።

ሳይክድ የቀዘቀዘውስ? ቅዳሴ የተወ፣ ጾሙን የረሳ፣ ማተቡ ግን አንገቱ ላይ ያለ? እሱ ቄደር አያስፈልገውም። ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፤ ጾሙንም፣ ስግደቱንም፣ ምጽዋቱንም ቀኖና ተቀብሎ ይፈጽማል፤ ከዚያ ይቆርባል። እንደ እኔ እንደ እኔ ከባዱ ይኸኛው ነው። የካደ ሰው የወጣበትን ቀን ያውቀዋል፤ የቀዘቀዘው ግን መቼ እንደራቀ ቢጠየቅ መልስ የለውም። የንስሐ አባቱ ስልክ ቁጥርም እስካሁን ተቀይሮ ይሆናል።