ጤፉ ከተፈጨ በኋላ ፍሬውን መቁጠር

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ኬሚስትሪ ያስተማርኳት ልጅ አሁን ማስተርሷን እየሠራች ነው። ባለፈው ሳምንት በሜሴንጀር ጻፈችልኝ፦ «ቲቸር፣ የብር ናኖ ቅንጣት ያለበት ውኃ እያጠጣሁ ሰላጣ አበቀልኩ። ቅጠሉን በአሲድ አሟሙቼ ስለካው ብር ተገኘበት። አማካሪዬ ግን ‹የገባው ቅንጣቱ ራሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?› አለኝ። ምን ልመልስለት?»

(ብር ስል ማዕድኑን ነው እንጂ የወር ደሞዛችንን አይደለም።)

እኔም ሳላስብ «ብር ያው ብር ነው፤ ከተገኘ ገብቷል ማለት ነው» ብዬ መለስኩላት። ማታ ተኝቼ ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ ከለከለኝ። ተሳስቻለሁ። የባሰው ደግሞ፣ ክፍል ውስጥም ለስንቱ ልጅ እንዲሁ ብዬ አስተምሬያለሁ። ይህ ጽሑፍ ለእሷም ለእናንተም የማረሚያ ወረቀት ይሁንልኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሥጋ ውስጥ ብረት ነክ ነገር ፍለጋ ከየት እንደመጣ እንይ። ከመርዝ ነው የመጣው። በ1833 እንግሊዝ ውስጥ ጆን ቦድል የሚባል ሰው አያቱን ቡና ውስጥ አርሴኒክ ጨምሮ ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ኬሚስቱ ጄምስ ማርሽ መርዙን አገኘው፤ ነገር ግን ያገኘው ቢጫ ዝቃጭ ዳኞቹ ፊት እስኪቀርብ ተበላሸበት። ቦድል በነፃ ተለቀቀ፣ በኋላም ራሱ አመነ። ማርሽ ተናደደ። በ1836 አዲስ ዘዴ ይዞ ብቅ አለ፦ ናሙናውን ከዚንክና ከአሲድ ጋር ያገናኛል፣ የሚወጣውን ጋዝ ያቃጥለዋል፣ አርሴኒክ ካለ ቀዝቃዛ ሸክላ ወይም መስታወት ላይ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ልባጭ ይቀራል። በ1840 ፈረንሳይ ውስጥ ባሏን መርዛለች የተባለችው የማሪ ላፋርዥ ክስ ላይ የአካባቢው ባለሙያዎች እርስ በርስ የሚጋጭ ውጤት አቀረቡ፤ በመጨረሻ ማቲው ኦርፊላ ከፓሪስ ተጠርቶ መጣና አርሴኒኩን አገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች መርዙን ለማግኘት መጀመሪያ ሥጋውን ማጥፋት ነበረባቸው። ማክሰል፣ ማቃጠል፣ በአሲድ መፍታት። ለእነሱ ጥያቄ ይህ ምንም ችግር የለውም፤ የሚፈልጉት «አለ ወይስ የለም? ስንትስ ነው?» የሚለውን ብቻ ነው። ያ ልማድ ግን ለእኛም ተላለፈ። አውስትራሊያ ውስጥ ይሠራ የነበረው አለን ዋልሽ በ1952 አንድ እሑድ አትክልቱን እየኮተኮተ ሳለ ሐሳቡ መጣለት፣ በ1955 አሳተመው፦ የጋሉ አተሞች የሚያወጡትን ብርሃን ከመለካት ይልቅ የሚውጡትን ብርሃን መለካት። አቶሚክ አብዞርፕሽን የምንለው እሱ ነው። እዚህ እኛም አገር ዩኒቨርሲቲዎች ቡና፣ ጤፍና ጫት ውስጥ ያለውን ብረት፣ ዚንክና እርሳስ ሲለኩበት የኖሩት በዚሁ ነው። እዚያም ቢሆን የተለመደው መጀመሪያ እርምጃ ናሙናውን ትኩስ አሲድ ውስጥ መጨመር ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ጤፍ ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ አስፈጫችሁ እንበል። ዱቄቱን መመዘን ትችላላችሁ፣ ኪሎው ልክ ነው። «ስንት ፍሬ ነበረው? ከመምጣቱ በፊትስ ፍሬ ነበር ወይስ ዱቄት?» ብትባሉ ግን መልስ የላችሁም። ናይትሪክ አሲድ ለብር ቅንጣት ወፍጮ ነው። ቅንጣቱንም፣ ቀድሞ የሟሟውንም ብር አንድ ያደርገዋል።

ቅንጣት መሆኑ ምን ለውጥ ያመጣል ትሉ ይሆናል። ያመጣል። በ1857 ማይክል ፋራዴይ ለንደን ውስጥ የወርቅ ጨው ያለበትን ውኃ በፎስፈረስ ሲያክመው ውኃው ደማቅ ቀይ ሆነ። ወርቅ፣ ግን ቀይ! ፋራዴይ ወርቁ እንዳልሟሟ፣ ዓይን በማያየው መጠን ተከፋፍሎ እንደተንሳፈፈ ገባው። ከጠርሙሶቹ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ ተቀምጠዋል። ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ እንደ ብርሃን ነጥብ ማየት የተቻለው ግን በ1903 አካባቢ፣ ዚግሞንዲና ዚደንቶፕፍ ጀርመን ውስጥ አልትራማይክሮስኮፕ ሲሠሩ ነው። ዚግሞንዲ የ1925ን የኬሚስትሪ ኖቤል አግኝቷል። ነጥቦቹ የታዩት ግን ፈሳሽና መስታወት ውስጥ ነው። ጉበት ወይም ቅጠል ውስጥ ቢሆን ሁሉም ነገር ብርሃን ይበትናል፤ የቱ ወርቅ የቱ ሥጋ እንደሆነ አይለይም።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። በ1980 አሜሪካ፣ አይዋ ውስጥ ሁክና ፋሰል ከእንግሊዛዊው አለን ግሬይ ጋር ሆነው ከ6000 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ የአርጎን ፕላዝማን ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር አገናኙ፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አይሲፒ-ኤምኤስ ይባላል። ፕላዝማው ሁሉንም አተም ያደርጋል፣ ማሽኑ አተሞቹን በክብደታቸው ለይቶ ይቆጥራል። እጅግ ትንሽ መጠን ይለካል፤ ሆኖም ያው ድምሩን ነው የሚነግርህ። በ2003 ስዊዘርላንድ ውስጥ ደገልድር የሚባል ተመራማሪና ባልደረባው ፈሳሹን በጣም አቅጥነው፣ ቅንጣቶቹ ወደ ፕላዝማው አንድ በአንድ እንዲገቡ አድርገው፣ ማሽኑንም በሺኛ ሰከንድ ደረጃ እንዲያነብ አደረጉት።

የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ካፊያ ሲሆን ጣሪያው ሳያቋርጥ ሽሽሽ ይላል። በረዶ ሲወርድ ግን ቋ! ቋ! ይላል፣ እያንዳንዱን መቁጠር ትችላለህ፣ ትልቁንም ከድምፁ ታውቀዋለህ። የሟሟ ብር ካፊያው ነው። ቅንጣቱ በረዶው ነው። የድምፁ ብዛት ቁጥሩን፣ የድምፁ ጉልበት ክብደቱን ይሰጣል፤ ክብደቱ ከታወቀ ኩብ ሩቱን ወስዶ ዲያሜትሩን ማስላት የ11ኛ ክፍል ሥራ ነው። 40 ናኖሜትር የሆነ የወርቅ ድብልብል ክብደቱ 0.65 ፌምቶግራም ገደማ ይሆናል። ዲያሜትሩን በግማሽ ብትቀንሱት ክብደቱ ስምንት ጊዜ ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው ትንንሾቹ በረዶዎች ካፊያው ውስጥ የሚጠፉት። ይህ ችግር ዛሬም አለ።

እሺ፣ ከሥጋና ከቅጠል ውስጥ ሳይሟሙ እንዴት ይውጡ? ለእንስሳት ሥጋ በ2013 አሜሪካ ውስጥ አንድ ቡድን አሲዱን ትቶ ቲኤምኤኤች በሚባል ጠንካራ ቤዝ የተፈጨ የበሬ ሥጋ አሟሟ፤ ሥጋው ሲፈታ የወርቅና የብር ቅንጣቶቹ ተረፉ። በዚያው ዓመት ዴንማርኮች የዶሮ ሥጋን ፕሮቲን በሚፈጭ ኢንዛይም ፈትተው ብሩን ፈለጉ። ቅጠል ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ የሴል ግድግዳው ሴሉሎስና ፔክቲን ስለሆነ ያንን የሚፈጭ ኢንዛይም ይፈልጋል። በ2015 ሚዙሪ ውስጥ የቲማቲም ተክል ማሴሮዛይም በሚባል ኢንዛይም ፈትተው ሲለኩ፣ ተክሉ የወርቅ ቅንጣቶቹን እንዳሉ፣ ሳይለወጡ እንደወሰዳቸው አዩ።

እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ ልጽፍላት ስል ሌላ ነገር አገኘሁና እጄን ሰበሰብኩ።

በ1902 አልበርት ባርንስ የተባለ አሜሪካዊ አርጂሮል የሚባል የብር መድኃኒት ገበያ ላይ አወጣ። የአራስ ሕፃናትን ዓይን ከኢንፌክሽን ይከላከል ስለነበር ባርንስን ሀብታም አደረገው፤ በገንዘቡ የሰበሰባቸው ሥዕሎች ዛሬ ፊላደልፊያ ሙዚየም ሆነዋል። ብር ያለባቸውን መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙ ሰዎች ግን ቆዳቸው ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ይሆን ነበር፣ አይለቅምም። ከቆዳቸው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች አሉበት። ታዲያ ቅንጣቶቹ ከሆድ ተጉዘው ደረሱ? በ2012 ብራውን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የተለየ መንገድ አሳዩ፦ ብሩ ሆድ ውስጥ ሊሟሟ፣ ሟሙቶ በደም ሊሄድ፣ ቆዳ ላይ በፀሐይ ብርሃን እንደ ፎቶ ፊልም ተመልሶ ቅንጣት ሊሆን ይችላል። ተክልም እንዲሁ ነው። በ2002 ቴክሳስ ውስጥ የሟሟ ወርቅ ያጠጡት አልፋልፋ በራሱ ውስጥ የወርቅ ናኖ ቅንጣት ሠርቶ ተገኝቷል።

ስለዚህ ሰላጣው ውስጥ ቅንጣት መገኘቱም ብቻውን «ቅንጣቱ ገባ» አያሰኝም።

እናም ትናንት የጻፍኩላት ይህን ነው፦ «የመጀመሪያ መልሴን ሰርዢው፣ ተሳስቼ ነው። አማካሪሽ ልክ ነው። ቅጠሉን በአሲድ ሳይሆን በኢንዛይም ፍቺው፣ ቅንጣት በቅንጣት የሚቆጥር ማሽን ያለው ላብ ፈልጊ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ መደብ ሰላጣ ዝሪ፣ ለእሱ የሟሟ ብር ብቻ አጠጪው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ለኪ። ሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ቅንጣት ካገኘሽ፣ ሠሪው ሰላጣው ራሱ ሊሆን ይችላል።»

«እሺ ቲቸር፣ ዘሩን ሰኞ እገዛለሁ» አለችኝ።