«ነጻ» እና «በነጻ»

ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህቺን «በ» ልብ ብያት አላውቅም። ልብ ያሰኘኝ ሊኑክስ የሚሉት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ገልጦ የሚያየው፣ የሚያርመውና የሚያባዛው ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። ስሙንም ግኑ አለው። ብዙው ተሠርቶ ማሽኑንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው እምብርት፣ ባለሙያዎቹ ከርነል የሚሉት፣ ጎደለ። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ አንድ ከርነል ጽፎ ለቀቀ።

መጀመሪያ የሰጠው ፈቃድ ገንዘብ መቀበልን የሚከለክል ነበር። እንግዲህ «በነጻ» መሆኑ ነው። እኔ ብሆን፣ እውነቴን ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ደግነት አለ ብዬ እዚያው እቆም ነበር። ችግሩ፣ ፍሎፒ ላይ ገልብጦ ለሰው የሚያድለው እንኳ የድካሙን ዋጋ መጠየቅ አልቻለም።

በ1992 ሊነስ የስቶልማንን ፈቃድ ያዘ። ሽጡት፣ አትርፉበት፤ ብቻ አሻሽላችሁ ስታከፋፍሉት ኮዱን አትደብቁ የሚል ነው። «በ» ወደቀች፣ «ነጻ» ቀረ። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ስቶልማን ልዩነቱን ሲያስረዳ ኖሯል።

የአንድሮይድ ስልኬ እምብርትም ሊኑክስ ነው አሉኝ። ስልኩን ግን በነጻ የሰጠኝ የለም።