ሕይወት ያዳነ፣ ጆሮን የጎዳ መድኃኒት፦ የስትሬፕቶማይሲን ታሪክ

የመስማት ጉድለት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ድምፅ ከጆሮ ታምቡር ተነሥቶ በመካከለኛው ጆሮ ትናንሽ አጥንቶች፣ በውስጠኛው ጆሮና በመስማት ነርቭ አልፎ ወደ አንጎል ስለሚደርስ፣ የጉድለቱን ጠባይ የሚወስነው የተጎዳው ስፍራ ነው። ይህንን በግልጽ ካሳዩት ታሪኮች አንዱ የስትሬፕቶማይሲን ታሪክ ነው።

መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ፣ ራትገርስ በሚገኘው የሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ያገኘው አልበርት ሻትዝ ነው። በ1948 በብሪታንያ በታተመው ጥናት መሠረት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መካከል በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት 4 ሲሆኑ፣ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከታከሙት 52 ሕሙማን 14ቱ ሞተዋል። ይሁን እንጂ መርፌውን ከወሰዱት ብዙዎቹ ራሳቸውን ያዞራቸው ጀመር። የተጎዳው በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘው የሚዛን መጠበቂያ ክፍል ነበር። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በብርሃን በዓይኑ ታግዞ ቢራመድም በጨለማ ይንገዳገዳል።

በ1946 የተሠራው ዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን ሚዛንን እምብዛም ስለማይነካ የተሻለ መስሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የመስማት ችሎታን እንደሚያጠፋ ታወቀ፤ ጉዳቱም አንዳንድ ጊዜ የሚገለጠው መርፌው ከቆመ ከሳምንታት በኋላ ነበር። በመድኃኒቱ ቅመም ላይ የተደረገ ጥቂት ለውጥ ጉዳቱን ከአንዱ ክፍል ወደ ጎረቤቱ አዛወረው። በ1957 በጃፓን ሃማኦ ኡሜዛዋ ያስተዋወቀው ካናማይሲንም በይበልጥ የሚጎዳው መስማትን ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች የሚገድሉት በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡትን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ነው። በቅድሚያ የሚሞቱት ቀጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ናቸው። ስለዚህ ሕመምተኛው መጀመሪያ ላይ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይለትም። በመካከለኛው ጆሮ መመርቀዝ ምክንያት የሚመጣ ጉድለት የድምፁን መተላለፊያ የሚያውክ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ በሕክምና ይቃለላል። የሞቱት የሰው ፀጉር መሰል ሕዋሳት ግን አይተኩም።

በ1993 በሚቶኮንድሪያ ዘረ መል ላይ የሚታይ አንድ ለውጥ አንዳንድ ቤተሰቦችን ለዚህ ጉዳት እጅግ የተጋለጡ እንደሚያደርጋቸው ተረጋገጠ። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳን ለማከም በኢትዮጵያም በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ለዓመታት አገልግለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ለዚህ ሕክምና እንዳይመከሩ ወሰነ፤ በ2020ም በአጭሩ ሕክምና በአፍ የሚወሰደው ቤዳኩሊን መርፌውን እንዲተካ መከረ።

የዚሁ ቤተሰብ የሆኑት ጄንታማይሲንና አሚካሲን ግን ዛሬም በየሆስፒታሉ ይታዘዛሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የሕመምተኛውን የመስማት ችሎታ መመርመር፣ የኩላሊቱን ሁኔታ ማወቅ፣ በሕክምናው ወቅትም «ጆሮዬ ይጮኻል» ወይም «ያዞረኛል» ሲል አቤቱታውን በቸልታ አለማለፍ የጤና ባለሙያው ግዴታ ነው። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት የጠፋውን መስማት አይመልስምና።